ዲጂታል ባክ በሚዲየም ፎርማትና በቴክኒካል ካሜራ፦ አንዱ ባክ ለሁለቱም ይበቃል?

ካሬ_ፍሬም፦

ሰላም ለሁላችሁም። የ500 ተከታታይ ሀሰልብላድ ካሜራ ከ50፣ ከ80 እና ከ150 ሚ.ሜ. ሌንሶች ጋር አለኝ፤ እስካሁን የሠራሁትም በ120 ፊልም ነው። የሕንፃ ፎቶግራፍ ሥራዬ እየበዛ በመምጣቱ ዲጂታል ባክ (በፊልም መያዣው ቦታ የሚገጠም ባለ ሴንሰር ክፍል) ገዝቼ በዚሁ ካሜራም፣ ሺፍት በሚያደርግ (ሌንሱን ወይም ባኩን ወደ ላይና ወደ ጎን በሚያንሸራትት) ቴክኒካል ካሜራም ላይ ልጠቀምበት አስቤአለሁ። ይሁን እንጂ ባነበብሁ ቁጥር ጥያቄዬ እየበዛ ሄደ። ያገለገለ የፌዝ ዋን ፒ45 ፕላስ ባክ ይበቃሃል የሚል አለ፤ ከሀሰልብላድ ሲኤፍቪ 100ሲ በታች ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው የሚል አለ፤ በቴክኒካል ካሜራ ላይ ከፌዝ ዋን አይኪው4 150 ሌላ አይታሰብም የሚልም አልጠፋም። ለመሆኑ አንድ ባክ ሁለቱን ሥራ በእኩል ሊወጣ ይችላል? ሰፊ ሌንስ ሺፍት ሲደረግ በምስሉ ዳር ይመጣል የሚባለው አረንጓዴና ቀይ ጥላስ ከሌንሱ ነው ወይስ ከሴንሰሩ?

ሰፊ_ማዕዘን፦

ከባኩ ሳይሆን ከሌንሱ እንዲጀምሩ እመክርዎታለሁ። የሕንፃ ፎቶግራፍ አንሺ ቴክኒካል ካሜራ የሚገዛው ለሺፍት ሲል ነው፤ የሺፍቱን መጠን የሚወስነው ደግሞ የሌንሱ የምስል ክብ (ሌንሱ ከኋላው የሚጥለው ክብ ምስል) ከሴንሰሩ ስፋት ምን ያህል እንደሚተርፍ ነው። ስሌቱ በወረቀት ላይ የሚያልቅ ነው። የአይኪው4 150 ሴንሰር 53.4 በ40 ሚ.ሜ. ሲሆን የሲኤፍቪ 100ሲ 43.8 በ32.9 ሚ.ሜ. ነው። የሮደንስቶክ ኤችአር ዲጋሮን 32 ሚ.ሜ. ሌንስ 90 ሚ.ሜ. ዲያሜትር ያለው ክብ ይሰጣል። ባኩ በአግድም ተቀምጦ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ትልቁ ሴንሰር የክቡን ጠርዝ እስኪነካ ድረስ 16 ሚ.ሜ. ያህል፣ ትንሹ ደግሞ 23 ሚ.ሜ. ያህል ይንቀሳቀሳል።

ይህን ያየ ሰው ትንሹ ሴንሰር ይሻላል ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ነገር ግን ትንሹ ሴንሰር ከዚያው ሌንስ የሚያየው ስፋት ያነሰ መሆኑን አይርሱ። 32 ሚ.ሜ. በትልቁ ሴንሰር ላይ የሚያሳየውን ያህል በትንሹ ላይ ለማግኘት 26 ሚ.ሜ. ገደማ ሌንስ ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ ያለው የሮደንስቶክ 23 ሚ.ሜ. ደግሞ የምስል ክቡ 70 ሚ.ሜ. ብቻ በመሆኑ፣ በትንሹ ሴንሰር ላይ ወደ ላይ የሚፈቅደው 11 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። በትልቁ ሴንሰር ላይ ይኸው ሌንስ ከ3 ሚ.ሜ. በታች ስለሚፈቅድ ሺፍት አለው ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ጠባብ የውስጥ ክፍሎችን የሚያነሡ ከሆነ ትልቁ ሴንሰር በግልጽ ይበልጣል፤ ከውጭ፣ ራቅ ብለው የሚያነሡ ከሆነ ግን ልዩነቱ እርስዎ የሚፈሩትን ያህል አይደለም።

ወደ ቀለም ጥላው ስመለስ፣ ጥፋቱ የሁለቱ ነው ብል ይቀለኛል፤ ብርሃን ከሌንሱ ወጥቶ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው ጉዳዩ። የእያንዳንዱ ፒክሰል ብርሃን ተቀባይ ክፍል ከቀለም ማጣሪያውና ከሽቦ ንጣፉ በታች ስለሚገኝ፣ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ፀሐይ የሚገባበት እኩለ ቀን ላይ ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ አዘንብሎ የሚመጣ ብርሃንም ወደ ታች ሳይደርስ ይቀራል ወይም ወደ ጎረቤት ፒክሰል ያልፋል። አረንጓዴው ማጣሪያ ሥር ሊያርፍ የሚገባው ብርሃን ቀዩ ሥር ሲገባ ቀለሙ ይዛባል፤ ሺፍት በተደረገ ቁጥር ማዕዘኑ በአንድ ወገን ስለሚብስ ጥላውም ወደ አንድ ወገን ያደላል።

የሽናይደር አፖ-ዲጂታር 35 ኤክስኤልን የመሰሉ ሲሜትሪካል ሌንሶች የኋላ ብርጭቆአቸው ለሴንሰሩ በጣም ስለሚቀርብ ጨረሩን አጋድመው ይልካሉ። የሮደንስቶክ ኤችአር ሰፊ ሌንሶች ግን ሬትሮፎከስ (የኋላ ብርጭቆአቸው ከሴንሰሩ የራቀ) በመሆናቸው ብርሃኑን ቀጥ አድርገው ያሳርፋሉ፤ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ክብደት፣ ግዙፍነትና ጥቂት የመስመር መጣመም ነው። የመስመሩ መጣመም በሶፍትዌር ይስተካከላል፤ ክብደቱ ግን ቦርሳዎ ውስጥ ይቀራል።

ግራጫ_ካርድ፦

በሌንሱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ሆኖም አሮጌዎቹ ሲሲዲ ባኮች (ሲሞስ ከተባለው አዲሱ ዓይነት በፊት የነበረ ሴንሰር ያላቸው) በዚህ ረገድ የሚናቁ አለመሆናቸው ይታወቅ። ፒ25 የ9 ማይክሮን፣ ፒ45 ፕላስ ደግሞ የ6.8 ማይክሮን ፒክሰል ስላላቸው፣ አዘንብሎ የሚመጣን ብርሃን ከብዙዎቹ ተከታዮቻቸው በተሻለ ይታገሣሉ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአይኪው250 ጋር የመጣው ባለ 50 ሜጋፒክሰል ሲሞስ ሴንሰር በሲሜትሪካል ሰፊ ሌንስ ሥር ዳር ዳሩን ክፉኛ ያበላሻል። ሲኤፍቪ 2 50ሲ የዚሁ ትውልድ ሴንሰር ስላለው፣ በ500 ካሜራዎ ላይ ግሩም ሆኖ ሳለ በቴክኒካል ካሜራ ላይ ሌንስ ያስመርጥዎታል።

ከሲሲዲዎቹ አንዱን ግን እንዳይገዙ፦ ፒ30 ፕላስ። በፒክሰሎቹ ላይ ማይክሮሌንስ (ጥቃቅን ሌንሶች) ስላለው ለሺፍት አልተሠራም።

ፒ45 ፕላስ ሌላም ጸጋ አለው። እስከ 1 ሰዓት የሚደርስ ኤክስፖዠር ይቀበላል፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ረጅም ኤክስፖዠር በኋላ እኩል ጊዜ የሚፈጅ የጨለማ ፍሬም በግድ ስለሚወስድ የ1 ሰዓቱ ፎቶ 2 ሰዓት ያስቆማል። ለሌሊት የሕንፃ ሥራ ትዕግሥት ካለዎት ያዋጣል።

ካሬ_ፍሬም፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጥላው ኤልሲሲ በሚባል ዘዴ ይጠፋል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ፣ የትኛውንም ሴንሰር ከየትኛውም ሌንስ ጋር አጣምሮ በኋላ በሶፍትዌር ማስተካከል አይቻልም?

ሰፊ_ማዕዘን፦

በከፊል ይቻላል፤ የት ላይ እንደሚያበቃ ግን ማወቅ ይገባል።

አሠራሩ ይህ ነው። ፎቶውን ካነሡ በኋላ ሺፍቱን፣ ቲልቱን (የሌንሱን ማዘንበል)፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እና ፎከሱን ሳይነኩ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ወተት መሰል ነጭ ፕላስቲክ በሌንሱ ፊት ለፊት ገጥመው በመያዝ ሌላ ፍሬም ያነሣሉ። ፕላስቲኩ ብርሃን ስለሚቀንስ ኤክስፖዠሩን ረዘም ያደርጉታል፤ ሂስቶግራሙ (የብርሃን ሥርጭት ግራፉ) መሀል አካባቢ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ የትኛውም ቀለም ግን እስከ ጥግ ሄዶ መቆረጥ የለበትም። ካፕቸር ዋን የተባለው የፎቶ ሶፍትዌር ከዚህ ፍሬም ላይ የብርሃኑንና የቀለሙን መዛባት ካርታ ሠርቶ ከእውነተኛው ፎቶ ላይ ያነሣል፤ በሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራንም በዚያው ያጸዳል። የሀሰልብላድ ሶፍትዌርም ተመሳሳይ መሣሪያ አለው። ሺፍቱ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ኤልሲሲ ያስፈልጋል፤ ሦስት ፍሬም ጎን ለጎን አንሥተው ሊያገጣጥሙ ከሆነ ሦስት ኤልሲሲ ማለት ነው። አንዳንዶች ለየሌንሱና ለየሺፍቱ አስቀድመው አንሥተው ያከማቻሉ፤ ለቀለሙ ይሠራል፤ አቧራው ግን ቦታውን ስለሚቀያይር ለእሱ የዕለቱ ፍሬም ያስፈልጋል።

የማይቻለው ይህ ነው። ብርሃን ወደ ጎረቤት ፒክሰል ካለፈ የቀለሙ መረጃ ተቀላቅሏል። ኤልሲሲ ግራጫው ግራጫ እንዲመስል ያደርጋል፤ የጠፋውን የቀለም ድምቀት ግን አይመልስም። በዳር የቆመ ቀይ የጡብ ግድግዳ ጥላው ከተነሣለት በኋላም ከመሀሉ ጡብ ይልቅ የደበዘዘ ሆኖ ይቀራል፤ ሰማዩም እንዲሁ። ሁለተኛው ወሰን የብርሃን መቀነስ ነው። በ35 ሚ.ሜ. ሲሜትሪካል ሌንስ በ90 ሚ.ሜ. ክብ ጠርዝ ላይ ጨረሩ ወደ 52 ዲግሪ ያዘነብላል፤ በንድፈ ሐሳብ ወደዚያ የሚደርሰው ብርሃን የመሀሉ አንድ ሰባተኛ ገደማ፣ ማለትም ከ2 ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) በላይ ያነሰ ነው። ሶፍትዌሩ ያንን ሁሉ ብርሃን ከፍ ሲያደርግ ኖይዙንም (የምስሉን ሸካራ ነጠብጣብ) አብሮ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሴንተር ፊልተር (መሀሉን አጥቁሮ ብርሃኑን ከዳሩ ጋር የሚያመጣጥን ማጣሪያ) የፊልም ዘመን ትርፍ ዕቃ ነው የሚሉትን አልቀበልም።

ብርሃን ከጀርባቸው የሚቀበሉት አዲሶቹ ሴንሰሮች ያመጡት ለውጥ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኪው4 150 እና በ2024 የወጣው ሲኤፍቪ 100ሲ ሁለቱም 3.76 ማይክሮን ፒክሰል አላቸው፤ የሽቦ ንጣፉ ከብርሃን ተቀባዩ በታች ስለተዛወረ፣ ፒክሰላቸው ከቀዳሚዎቻቸው አንሶ ሳለ አዘንብሎ የሚመጣን ብርሃን በተሻለ ይቀበላሉ። በአይኪው3 100 ላይ የማያስደስቱ የነበሩ የሽናይደር ሌንሶች በአይኪው4 ላይ እንደገና ሥራ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሺም_ቆጣሪ፦

ስለ ቀለም ብዙ ተባለ፤ ስለ ፎከስ ግን ማንም አላነሣም፤ እኔ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ ነው እላለሁ።

ሁለት ፒክሰል የሚያህል ብዥታን እንደ ወሰን ብንወስድ፣ በ3.76 ማይክሮን ሴንሰር ላይ በኤፍ 5.6 የሚፈቀደው ስሕተት ከትክክለኛው ፎከስ ወዲህና ወዲያ 0.04 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። ፊልም ራሱ በፊልም መያዣው ውስጥ ፍጹም ጠፍጣፋ ሆኖ ስለማይቀመጥ በፊልም ዘመን ይህን ያህል ጥንቃቄ ትርጉም አልነበረውም። አሁን ግን የአዳፕተር ሳህኑ ውፍረት፣ የባኩ መያዣ መላላትና የካሜራው ፊትና ጀርባ ትይዩ አለመሆን ሁሉም በምስሉ ላይ ይነበባሉ። ቴክኒካል ካሜራ ሠሪው አልፓ ባኩን ከካሜራው ጋር ለማጣጣም በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለኩ ሺሞችን (ስስ ማካካሻ ንጣፎችን) የሚጠቀመው ለዚህ ነው። ሌሎቹ ካሜራ ሠሪዎች አርካ-ስዊስና ካምቦም የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

በ500 ካሜራዎም ላይ ችግሩ ይኖራል። የሚያተኩሩት በመስታወትና በስክሪን በኩል ነው፤ ሴንሰሩ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው። ለዓመታት ያገለገለ መስታወት ጥቂት ከተዛባ ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለው ነገር በፋይሉ ላይ ለስልሶ ይወጣል። የመጀመሪያ ሥራዎ ካሜራውን በትሪፖድ አቁመው፣ በ80 ሚ.ሜ. ሌንስ ሙሉ አፐርቸር ከፍተው፣ በስክሪን ያተኮሩትን በላይቭ ቪው (ሴንሰሩ የሚያየውን በቀጥታ በማሳየት) 100 በመቶ አጉልተው ማመሳከር ይሁን። በ500 ላይ ላይቭ ቪው ለማየት የሌንሱን ሹተር በ«ቢ» ከፍቶ መያዝ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ይወቁት።

ሲሞስ ከሲሲዲ የሚበልጥበትን አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህንኑ ላይቭ ቪው እመርጣለሁ። በፒ45 ፕላስ በቴክኒካል ካሜራ ላይ የሚሠራ ሰው በደብዛዛ መስታወት (ባኩ ከመገጠሙ በፊት በቦታው ተቀምጦ ምስሉን በሚያሳየው) አተኩሮ፣ ባኩን ገጥሞ፣ አንሥቶ፣ አጉልቶ አይቶ፣ እንደገና ይጀምራል። ወይም ርቀቱን በሌዘር ለክቶ በሌንሱ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ ሁለተኛው በደንብ ይሠራል፤ የሌንሱ ሚዛን ከባኩ ጋር አስቀድሞ ከተመሳከረ ብቻ።

ግራጫ_ካርድ፦

ተቀባይነት አለው። ነገር ግን በደብዛዛ መስታወት መሥራት እንደ ቅጣት ባይቆጠር ደስ ይለኛል።

የሹተር_ድምፅ፦

ከመግዛትዎ በፊት መዝጊያውን (ሹተሩን) ያስቡበት። ኮፓል የሌንስ ውስጥ ሹተር መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚያገኟቸው ባለ ኮፓል ሌንሶች በአብዛኛው ያገለገሉ ናቸው፤ ዝግተኛ ፍጥነቶቹ በተለይ ይፈተሹ። ፌዝ ዋን ኤክስ-ሹተር የተባለ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ መዝጊያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኤክስቲ ካሜራው ጋር አቅርቧል። አልፓ ደግሞ ኤፍፒኤስ በተባለው ካሜራው መዝጊያውን ከሌንሱ አውጥቶ ከባኩ ፊት አኑሮታል።

ሦስተኛው መንገድ የባኩ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ነው። ሲኤፍቪ 100ሲም አይኪው4ም አላቸው፤ በዚህ ምክንያት መዝጊያ የሌለውን ሌንስ ሁሉ መጠቀም ይቻላል፤ ንዝረትም የለም። ለሚቆም ሕንፃ ተስማሚ ነው። ሴንሰሩ መስመር በመስመር ስለሚነበብ ግን የሚሄድ መኪናና ሰው ይጣመማል፤ በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች ሥር አግድም ሸንተረሮች ይታያሉ፤ ፍላሽም አይሠራም። የውስጥ ክፍሎችን በፍላሽ የሚያበሩ ከሆነ የሌንስ ሹተር ግዴታ ነው።

ሜካኒካል ሹተር ሲጠቀሙ ባኩ መቼ እንደተከፈተ የሚያውቀው ከሌንሱ የፍላሽ ሶኬት በሚመጣ ኬብል ነው። የፒ ፕላስ ትውልድ ባኮች ፎቶ ከማንሣታቸው በፊት የሚቀሰቅሳቸው ምልክት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ወይ የመቀስቀሻ ኬብል ይገዛሉ፣ ወይ ባትሪ በሚጨርሰው ሁልጊዜ ነቅቶ የመጠበቅ ሁኔታ ያስቀምጡታል። በሜካኒካል 500 ካሜራ ላይ ግን ሲኤፍቪ ያለ ኬብል ይሠራል፤ ሁለቱን ሥራ ለሚያጣምር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ካሬ_ፍሬም፦

በ500 ካሜራዬ ላይ የሚጠፋብኝ የእይታ ስፋት ያሳስበኛል። ከ56 በ56 ሚ.ሜ. ፊልም ወደ 43.8 በ32.9 መውረድ ትልቅ ልዩነት አይደለም?

ሰፊ_ማዕዘን፦

ትልቅ ነው። በዲያጎናል ሲለካ 1.44 እጥፍ ያህል ስለሚጠብ፣ የ80 ሚ.ሜ. ሌንስዎ በፊልም ላይ 115 ሚ.ሜ. ገደማ የሚያየውን ያያል፤ 50ው ደግሞ 72 አካባቢ ይሆናል። ሰፊ የነበረው ሌንስ መደበኛ፣ መደበኛው የገጽታ ሌንስ ሆነ ማለት ነው። ለ150ው የሚቀረው የራቀ ነገር ነው። በዚያ ላይ ምስሉ ካሬ አይደለም፤ ቋሚ ምስል ሲፈልጉ ካሜራውን በጎኑ ማጋደም ግድ ይልዎታል፤ ይህም በወገብ ደረጃ ከላይ ወደ ታች ማየትን ከንቱ ስለሚያደርግ በዓይን ደረጃ የሚያሳይ ፕሪዝም ያስፈልግዎታል። ካሬውን የሚወድ ሰው 32.9 በ32.9 አድርጎ መቁረጥ ይችላል፤ በ3.76 ማይክሮን ፒክሰል ከ75 ሜጋፒክሰል በላይ ስለሚቀረው አያስቆጭም። በስክሪኑ ላይ የሴንሰሩን ወሰን የሚያሳይ መስመር መኖሩን ግን ያረጋግጡ።

ሺም_ቆጣሪ፦

ስለ አፐርቸር አንድ ነገር ልጨምር። ከትልቅ ፎርማት የመጡ ሰዎች ኤፍ 22 የለመዱ ናቸው። በኤፍ 8 የዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚፈጥረው ብዥታ) ክብ 10.7 ማይክሮን ያህል ሲሆን በኤፍ 11 ወደ 15፣ በኤፍ 16 ከ21 ማይክሮን በላይ ይደርሳል፤ ይህ የ3.76 ማይክሮን ፒክሰል 6 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ 150 ሜጋፒክሰል ገዝቶ በኤፍ 16 የሚሠራ ሰው የከፈለበትን አያገኝም። ጥልቀት ሲያስፈልግ ቲልት ወይም የፎከስ ማደራረብ (በተለያየ ፎከስ የተነሡ ፍሬሞችን ማዋሐድ) ይሻላል። ቲልቱ ደግሞ ከሚገመተው እጅግ ያነሰ ነው፦ ሌንሱ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ፎከሱ በመሬቱ ላይ እንዲዘረጋ ከተፈለገ ለ40 ሚ.ሜ. 1.5 ዲግሪ፣ ለ90 ሚ.ሜ. 3.4 ዲግሪ ይበቃል። ቤሎ (በሌንሱና በባኩ መካከል ያለ ታጣፊ ከረጢት) ባላቸው ካሜራዎች ላይ 1.5 ዲግሪን በእጅ በትክክል ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው፤ በጥርስ የሚዞር ማስተካከያ ያለውን ይምረጡ።

ግራጫ_ካርድ፦

በኤፍ 16 የተነሣ ፋይል በሶፍትዌር በመጠኑ ጥርት ሲደረግ ለኅትመት ከበቂ በላይ እንደሆነ ግን አይካድ። የማደራረቡ ሥራ ቅጠል ሲነፍስና ሰው ሲያልፍ የሚያመጣው ጣጣ ከዲፍራክሽኑ ሊብስ ይችላል። ኤፍ 11ን እንደ ልማድ፣ ኤፍ 16ን ለችግር ጊዜ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ካሬ_ፍሬም፦

ውሳኔዬ እየጠራ መጣ። ሥራዬ በአብዛኛው ከውጭ የሚታይ ሕንፃ ስለሆነና 500ውን መተው ስለማልፈልግ ወደ ሲኤፍቪ 100ሲ አዘንብያለሁ፤ ሌንሱን ከሬትሮፎከሶቹ እመርጣለሁ። ያገለገለ ቴክኒካል ካሜራና ያገለገለ ባክ አብረው የሚሸጡበት አጋጣሚም አይቻለሁ፤ ባኩ ሲሲዲ ነው። ለማየት ስሄድ ምን ልፈትሽ?

ሰፊ_ማዕዘን፦

የ40 ሚ.ሜ. ኤችአር ከወሰዱ ክቡ 90 ሚ.ሜ. ስለሆነ በዚያ ሴንሰር ላይ ወደ ጎን 20፣ ወደ ላይ 23 ሚ.ሜ. ያህል ያገኛሉ፤ በስፋትም በ500 ካሜራዎ ላይ በፊልም 58 ሚ.ሜ. ገደማ ሌንስ እንደሚያየው ነው። ሁለት ፍሬም ግራና ቀኝ ሺፍት አድርገው ሲያገጣጥሙ ካሁኑ 50 ሚ.ሜ. ሰፋ ያለ እይታ ይሰጥዎታል። ሲያገጣጥሙ ሌንሱን ሳይሆን ባኩን የሚያንቀሳቅስ ካሜራ ይምረጡ፤ ሌንሱ ከቦታው ካልተነቃነቀ ቅርብና ሩቅ ያሉት ነገሮች እርስ በርስ አይዛነፉም።

የሹተር_ድምፅ፦

ስለ አሮጌው ባክ፦ ኤልሲሲ ፕላስቲክ ይዘው ይሂዱ። አንድ ፍሬም ያለ ሺፍት፣ አንዱን ደግሞ እስከ ጥግ ሺፍት አድርገው ግራጫ አካባቢ ያንሡ፤ ከዚያ ንፅፅሩን በጣም ከፍ አድርገው ይመልከቱት። አንዳንድ ሲሲዲ ሴንሰሮች በተለያዩ መውጫዎች ስለሚነበቡ፣ መካካሻቸው ሲዛባ በመሀሉ ቀጥ ያለ መስመር ተሠርቶ ግማሹ ከግማሹ በቀለም ይለያል፤ ይህ በኤልሲሲ የማይጠፋ ከሆነ ይተዉት። ባትሪው ሲሞላ ምን ያህል እንደሚቆይና አዲስ ባትሪ የሚገኝ መሆኑን ይጠይቁ። ባኩ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ፋየርዋየር በተባለው የቀድሞ ኬብል ከሆነ የእርስዎ ኮምፒውተር ያ ሶኬት ሊኖረው ስለማይችል፣ ፎቶው ወደ ካርድ በትክክል መጻፉን እዚያው ያረጋግጡ። የመያዣውንም ዓይነት ይመልከቱ፦ ለማሚያ 645 የተሠራ ባክ በ500 ካሜራዎ ላይ አይገጥምም፤ አዳፕተር ሳህን በአብዛኛው የሚለወጠው በቴክኒካል ካሜራው በኩል ነው እንጂ በባኩ በኩል አይደለም።